አውጪውና ተቀባዮቹ

«ልቤ ነገረኝ» እንላለን። «ልብ በል»፣ «ልበ ሙሉ ነው»፣ «ልብ የለውም» እንላለን። ነገራችንን ሁሉ ለልብ ሰጥተን ስናበቃ አንድ ጥያቄ እንዘላለን፤ ለመሆኑ ልብን ራሱን «ምታ!» የሚለው ማነው?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ተከራክረውበታል። ጥንታዊው ግሪካዊ ሐኪም ጋሌን ከደረት የወጣ ልብ ለጥቂት ጊዜ መምታቱን እንደማያቆም ያውቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ ትእዛዙ ከነርቭ ነው የሚሉ ጥቂት አልነበሩም።

እ.ኤ.አ. በ1852 ኸርማን ስታኒዩስ የተባለ ጀርመናዊ አንድ ቀላል ሙከራ አደረገ። የእንቁራሪት ልብ ወሰደና፣ ደም መላሾቹ ሥሮች የሚገቡባት ትንሽ ከረጢት ከቀሪው ልብ ጋር በምትገናኝበት ቦታ ላይ በክር ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ከረጢቷ መምታቷን ቀጠለች። ከክሩ ወዲህ ያለው ትልቁ ልብ ግን ቀጥ አለ! በሠርግ ዘፈን ቋንቋ ብንናገር፣ አውጪው ያለው ከረጢቷ ውስጥ ነው፤ የቀረው ልብ ተቀባይ ነው። ቆይቶም በ1880ዎቹ የካምብሪጁ ዋልተር ጋስኬል በኤሊ ልብ ላይ ሠርቶ፣ ምቱ የሚነሳውም ከጡንቻ ወደ ጡንቻ የሚተላለፈውም በራሱ በልብ ሥጋ መሆኑን አሳየ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር መጣ። የሰው ልብ እንደ እንቁራሪት ልብ ራሷን የቻለች ከረጢት የለውም። ታዲያ አውጪው የት ገባ?

መልሱ የተገኘው እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ፣ ብሬድጋር በምትባል የገጠር መንደር ነው። አርተር ኪዝ የተባለው የአካል ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1906 በጋ ማርቲን ፍላክ ከሚባል የሕክምና ተማሪ ጋር የእንስሳትን ልብ እየመረመረ ነበር። አንድ ቀን ኪዝና ባለቤቱ በብስክሌት ወጣ ብለው ሲመለሱ፣ ተማሪው በማይክሮስኮፕ ያየውን ሊያሳይ ቸኩሎ ጠበቃቸው። ያየው በፍልፈል ልብ ውስጥ ነው። ትልቁ ደም መላሽ ሥር ከቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል በሚገጥምበት ቦታ ላይ፣ ከሌላው የልብ ሥጋ የማይመሳሰሉ ቀጫጭን ጡንቻዎች ጥቅጥቅ ባለ አያያዥ ሥጋ ተከበው ተቀምጠዋል። በ1907 ግኝቱን አሳተሙ። በ1910 ደግሞ ቶማስ ሉዊስ በውሻ ልብ ላይ የኤሌክትሪክ ልኬት አድርጎ ምቱ የሚጀምረው ከዚያች ቦታ መሆኑን አረጋገጠ።

አውጪው ተገኘ ማለት ነው። ግን ነገሩ በዚህ አላለቀም። የሰው ልብ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የጡንቻ ህዋሳት አሉት፤ አውጪዎቹ በአንጻሩ እፍኝ አይሞሉም። የአውጪዎቹ ባሕርይ አለማረፍ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይላቸው በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይወጣና ይፈነዳል፤ እንደገናም ይጀምራል። ጎረቤታቸው ያለው ትልቅ ጡንቻ ግን ካልቀሰቀሱት ዝም ብሎ የሚተኛ ነው። ሁለቱ በሙሉ ቢገናኙ ምን ይሆናል? የትንሿ ማሰሮ ውሃ ሐይቅ ውስጥ እንደተደፋ ይቆጠራል። ሐይቁ ከፍ አይልም፤ ማሰሮዋ ግን ባዶ ትቀራለች። ብዙኃኑ አውጪውን ውጠው ዝም ያሰኙታል።

ፈጽሞ ቢለያዩስ? አውጪው ብቻውን ይዘፍናል፤ የሚቀበለው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሮናልድ ጆይነርና ፍራንስ ቫን ካፔል ትንሹ እንዴት ትልቁን ሊነዳ እንደሚችል በኮምፒዩተር ስሌት አሳዩ። ምሥጢሩ በግንኙነቱ መጠን ላይ ነው። በአውጪዎቹ መካከል ያሉት የኤሌክትሪክ በሮች ጥቂት ናቸው፤ ወደ ዳር በተጠጋን ቁጥር ግንኙነቱ ይጠነክራል። ኪዝና ፍላክ ያዩት ያ አያያዥ ሥጋም ከጎረቤት ጫና የሚከልል አጥር ሆኖ ያገለግላል። አጥሩ ግን መውጫ አለው፤ መልእክቱ በዚያ በኩል ያልፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የተባለውም እዚህ ይሠራል፤ አንዷ ህዋስ ብቻዋን የማትችለውን፣ ብዙዎቹ አብረው ሲያወጡ ይችሉታል።

አጥሩ ሲበዛም በሽታ ነው። ጠባሳማ ሥጋ እየበዛ ሲሄድ አውጪው እየዘፈነ ድምፁ ከበር ሳይወጣ ይቀራል። መንገዱ ወደ ታች ወርዶ የሚቆረጥበትም ጊዜ አለ። የስዊድናዊው አርነ ላርሾን ችግር ይኸው ነበር። ከላይ ምቱ አለ፤ ከታች ግን አይደርስም። ሰውየው በቀን ደጋግሞ ራሱን ይስት ነበር። ባለቤቱ ሐኪሞቹን ወጥራ ያዘች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 ኢንጂነሩ ሩነ ኤልምክቪስት በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ቅርፅ ያወጣላትን ትንሽ መሣሪያ፣ ቀዶ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግ ሰውነቱ ውስጥ ቀበራት። በዓለም የመጀመሪያዋ የተቀበረች ፔስሜከር እሷ ናት። የሠራችው ለሰዓታት ብቻ ነው። ላርሾን ግን በዕድሜው ከ20 በላይ መሣሪያ ለዋውጦ፣ ኢንጂነሩንም ሐኪሙንም ቀብሮ፣ በ86 ዓመቱ በ2001 ዐረፈ።

እኛ ቤትም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ማኅበርም ሲደክም ቶሎ ብለን የምንጠይቀው «መሪው ማነው? ይቀየር!» ነው። ሊሆን ይችላል። የላርሾን አውጪ ግን አልደከመም ነበር፤ የተበላሸው በእሱና በተቀባዮቹ መካከል ያለው መንገድ ነው። አውጪ ከመቀየር በፊት አጥሩንና በሩን ማየት አይከፋም።