ያልተሮጠው ሁለት መቶ ሜትር

ነቀምቴ ላይ የሩጫ ወሬ ከተነሳ ወዲያው ረጅም ርቀት ውስጥ ይገባል። አበበ፣ ምሩጽ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ ይባላል። አጭር ርቀት ሲነሳ ደግሞ ሁሉም ቦልትን ይጠራል፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ያልቃል። እኔ ግን የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ለአጭር ርቀት ልጆቼ የምነግራቸው የሌላ ካሪቢያናዊ ሯጭ ታሪክ አለ። ጄምስ ጊልክስ ይባላል፣ የጉያና ሰው ነው። (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉያና በካርታ ላይ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ብትሆንም በቋንቋዋም በክሪኬቷም ከካሪቢያን አገሮች ጋር የምትቆጠር ትንሽ አገር ናት። ጊልክስ የተወለደው በ1952 ሲሆን አሜሪካ ሄዶ ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1975 በሜክሲኮ ሲቲው የፓን አሜሪካ ጨዋታ 200 ሜትርን በ20.43 ሰከንድ አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሞንትሪያል ላይ ኦሊምፒክ አለ። ሯጩ 23 ዓመቱ ነው፤ ለአጭር ርቀት ከዚህ የተሻለ ዕድሜ የለም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሶዌቶ ውስጥ ተማሪዎች በጥይት ተመቱ። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ግን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ መጫወቱን አልተወም። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ ትውጣ አሉ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም ብሎ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። ከሃያ በላይ አገሮች ውድድሩን ጥለው ወጡ። ከካሪቢያን በኩል አብራ የወጣችው ጉያና ነበረች። ኢትዮጵያም ወጣች።

ጊልክስ ዝም አላለም። በአገሬ ስም ካልሆነ በኦሊምፒክ ባንዲራ ሥር ለብቻዬ ልሩጥ ብሎ ኮሚቴውን ጠየቀ። አልተፈቀደለትም። 200 ሜትሩን የጃማይካው ዶናልድ ኳሪ በ20.23 ሰከንድ ወሰደው። ኳሪ ታላቅ ሯጭ ነው፣ ወርቁም ይገባዋል። ጊልክስ ቢሮጥ ኖሮ ያሸንፍ ነበር ማለት አልችልም። የማውቀው ነገር ቢኖር መነሻው ላይ እንዳልቆመ ነው።

በረጅሙ ርቀት በኩል የኛው ምሩጽ ይፍጠርም እንዲሁ ቀረ። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቷል፤ በ5,000 ማጣሪያው ግን መነሻው ላይ ሳይደርስ አመለጠው። ሞንትሪያል የመካሻው ቦታ ሊሆን ይችል ነበር። ሁለቱንም ርቀት የፊንላንዱ ላሴ ቪረን ወሰደ።

ግን ረጅም ርቀት ይታገሣል። ምሩጽ በ1979 እዚያው ሞንትሪያል ውስጥ በዓለም ዋንጫ 5,000ንም 10,000ንም አሸነፈ። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ፤ በሁለቱም 300 ሜትር ሲቀር ተፈተለከ። አባቴ ያንን ድል የሰማው በሐምሌ 1972 በእኛ አቆጣጠር፣ ነቀምቴ ዝናብ እየወረደ፣ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ሥር ተኮልኩለው ነው። ያሰለጠነው ንጉሤ ሮባ ራሱ ሮም ላይ በ1960 መቶ ሜትር የሮጠ ሰው ነበር። የምሩጽን አጨራረስ ባየሁ ቁጥር አሰልጣኙ ትዝ ይለኛል።

ለጊልክስ ግን አራት ዓመት ብዙ ነው። በ1978 ኤድመንተን ላይ በኮመንዌልዝ ጨዋታ 200 ሜትር ብር አገኘ። ሞስኮ ሲደርስ 27 ዓመቱ ነበር፤ ሮጠ፣ ለፍጻሜ አልበቃም። የአጭር ርቀት ሯጭ ጉልበት በቁም ሣጥን ተቀምጦ አይጠብቅም።

ታዲያ መውጣቱ ስህተት ነበር? አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት የኮመንዌልዝ አገሮች ግሌንኢግልስ ላይ ተስማምተው ከደቡብ አፍሪካ ጋር የሚደረገውን ስፖርት ማቋረጥ ጀመሩ። የሯጮቹ መቅረት ለዚህ ድርሻ አለው። ብቻ ውሳኔውን ያወጡት ባለሥልጣናት ናቸው፣ ሒሳቡን የከፈሉት ደግሞ ሯጮቹ። ይኼ አብሮ መነገር አለበት።

ይህን የምለው በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጊምቢ በኩል የመጣች 200 ሜትር ሯጭ ተማሪ ነበረችኝ። መታጠፊያውን ስታልፍ ትከሻዋ አይነቃነቅም፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ በአሥር ዓመት አንዴ ነው የምትገኘው። ለውድድር ልንሄድ ዕቃችንን ጠቅልለን መንገድ ተዘጋ። ስልክም ተቋርጦ ስለነበር ለወላጆቿ እንኳ መንገር አልቻልኩም። በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው ሆነ። «ባርሲሳ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጊልክስን ነገርኳት። ጸጥ ብላ ከሰማች በኋላ «እሱስ ለምን እንደቀረ ነግረውታል» አለች።

እውነቷን ነው። ጊልክስ የቀረው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ያ ጉዳይም ውሎ አድሮ ተሳክቷል። የኛዋ ልጅ ሁለት ዓመት ግን ለምን እንደሄደ እስከ ዛሬ የነገራት የለም። አሁን ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ልጆቼን ይዤ ሜዳ ስወርድ አንዳንዴ አጥር ሥር ቆማ ታያለች። ሰዓት መያዣውን እሰጣታለሁ፤ እጇ ፈጣን ነው፣ አትሳሳትም።