የኮንዌይ ሕግ

የኮንዌይ ሕግ በድርጅት ንድፈ ሐሳብና በሶፍትዌር ምህንድስና የሚታወቅ አባባል ነው። አንድ ድርጅት የሚነድፈው ሥርዓት (ሲስተም) ቅርጹ የሠራተኞቹን የእርስ በርስ ግንኙነት ይመስላል ይላል።

ታሪክ

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ሜልቪን ኮንዌይ ሐሳቡን ጽፎ ለሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ቢልክም፣ መጽሔቱ በቂ ማረጋገጫ የለውም ብሎ አልተቀበለውም። ጽሑፉ «ኮሚቴዎች እንዴት ይፈለስፋሉ?» በሚል ርዕስ በኤፕሪል 1968 እ.ኤ.አ. በዳታሜሽን መጽሔት ወጣ። አባባሉን «የኮንዌይ ሕግ» ብሎ ያስተዋወቀው ፍሬድ ብሩክስ ሲሆን፣ ይህም በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ ሚቲካል ማን-መንዝ» በተባለው መጽሐፉ ነው።

ምክንያት

ሁለት የሥርዓት ክፍሎች መረጃ እንዲለዋወጡ ሠሪዎቻቸው አስቀድመው መስማማት አለባቸው። ቡድኖቹ ካልተነጋገሩ ክፍሎቹም በደንብ አይገናኙም። ለምሳሌ ሁለት መምሪያዎች የየራሳቸውን መዝገብ ለብቻ ቢሠሩ፣ ተገልጋዩ ያንኑ ቅጽ ሁለት ጊዜ ለመሙላት ይገደዳል።

የሰው ብዛት ችግሩን ያከብደዋል። 10 ሠራተኞች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢነጋገሩ 45 የግንኙነት መስመሮች ይኖራሉ፤ 50 ቢሆኑ ግን 1,225 ይደርሳሉ። ስለዚህ ትልልቅ ድርጅቶች ግንኙነትን በክፍልና በኃላፊ ይገድባሉ። ገደቡም በሥራው ውጤት ላይ ይታያል።

ምሳሌና ጥናት

ኮንዌይ ስለ አንድ የ8 ሰዎች ቡድን ይተርካል። 5ቱ ለኮቦል፣ 3ቱ ለአልጎል ኮምፓይለር ሥራ ተመደቡ። በመጨረሻ የኮቦሉ ኮምፓይለር በ5 ደረጃዎች፣ የአልጎሉ ደግሞ በ3 ደረጃዎች የሚሠራ ሆነ።

በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የማይክሮሶፍት ጥናት ዊንዶውስ ቪስታን መርምሯል። ብልሽት የሚበዛባቸውን የፕሮግራም ክፍሎች አስቀድሞ ለመለየት፣ የኮዱን ውስብስብነት ከመለካት ይልቅ የሠራተኞቹን አደረጃጀት መለካት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ጥቅም

አንዳንድ ድርጅቶች መጀመሪያ የሚፈልጉትን የሥርዓት ንድፍ ይወስኑና ቡድኖቻቸውን በዚያ ልክ ያደራጃሉ። ይህ ዘዴ የኮንዌይ ሕግን ገልብጦ መጠቀም ነው። ኮንዌይ ራሱ ሥራ ሲጀመር ብዙ ሰው በአንዴ መመደብ ንድፉን እንደሚበታትነው አስጠንቅቋል። መጀመሪያ የሚታሰበው ንድፍ ከሁሉ የተሻለው የሚሆነው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ አደረጃጀቱን መለወጥ የማይችል ድርጅት ንድፉንም ለማሻሻል ይቸገራል።