ጉልቻው ሲለዋወጥ

እናቴ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ምጣዷን የገዛችው በ1978 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከመርካቶ እስከ ሽሮ ሜዳ በውይይት ታክሲ አመጣችው፤ ሸክላው እንዳይሰነጠቅ በጋቢ ጠቅልላ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍላ፣ ራሷ ጥግ ላይ ተጣብቃ። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በማግስቱ ጎረቤቶች ሁሉ ሊያዩ መጡ። ከሁሉም የማይረሱኝ በግቢያችን በዕድሜ ትልቋ የነበሩት እማማ ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና ከምጣዱ ሥር አዩ፤ ዞረው ከኋላ አዩ፤ ከዚያ “እሳቱ የታለ?” ብለው ጠየቁ። እናቴ ጣቷን ውኃ ነክራ ምጣዱ ላይ ጠብ አደረገች። ውኃው ችስ ብሎ ሲተን እማማ አማተቡ።

“ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ይላል ተረታችን። ስለ ሹም ሽር የሚነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቃሉን እንደ ቃሉ ስወስደው ግን አልስማማበትም። ይህን ያለው ሰው ወጡን የቀመሰ እንጂ ጉልቻው አጠገብ የተቀመጠ አይመስለኝም። ለእናቴና ለአያቴ የጉልቻ መለወጥ የዓይንና የሳንባ ጉዳይ ነበር።

ከዚያ በፊት የምንጋግረው ከቤታችን ጀርባ ባለች የጭቃ ማድ ቤት ነበር። ግድግዳዋ በጥላሸት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። መሐል ላይ ሦስት ጉልቻ፣ በላዩ ምጣድ፣ ከጎኑ አክንባሎ፣ ማሰሻና የሊጥ ማቡኪያ። እንጀራ በፍም ብቻ አይሆንም፤ ነበልባል ይፈልጋል፤ ነበልባሉም ምጣዱን ከዳር እስከ ዳር እኩል መያዝ አለበት። ስለዚህ ጋጋሪዋ አንዱን አውጥታ ሌላውን እስክታሰፋ ድረስ ተጎንብሳ ቅጠል ትማግዳለች፣ እፍ ትላለች፣ ትስላለች፣ እንደገና ትማግዳለች። አያቴን ሳስታውስ ዓይናቸው ቀልቶ፣ እንባ አቅርሮ ነው የሚታየኝ። ያለ ኀዘን የሚያነቡ ሴት ነበሩ።

ማገዶውም የራሱ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙ ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ተመናመነ። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስኪያስቡ ድረስ የማገዶ ችግሩ ጸንቶ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያጸናት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ቅጠሉም ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነዳል። ለምጣድ እንደ እሱ የሚስማማ የለም። እኛ ሰፈር ሆኖ ለሚያየው ግን የባሕር ዛፍ ታሪክ የንጉሥ ታሪክ ብቻ አልነበረም። በየማለዳው ከእንጦጦ ቁልቁል፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎብጠው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በደጃችን ያልፋሉ። እናቴ የምትገዛው ከእነሱ ነበር። ገበያ ላይ በአንዲት ሳንቲም የምትከራከር ሴት፣ ከእነሱ ጋር ስትከራከር አይቻት አላውቅም።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን ሲገባ ይህን ሸክም ሊያቀል አልነበረም። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ቤተ መንግሥት የገባው ለብርሃን ነው። በ1920ዎቹ የአባ ሳሙኤል ግድብ በአቃቂ ወንዝ ላይ ተሠርቶ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ሲገኝም ሕዝቡ ያየው አምፖሉን ነው። እስከ ዛሬ ስሙን “መብራት” የምንለው ለዚህ ይመስለኛል። በጠራራ ፀሐይ ሊጡ ደርሶ ምጣዱ ሲቀዘቅዝ እንኳ የምንለው “መብራት ሄደ” ነው።

ስሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቤቶቻችንም ለመብራት ተብለው የተሠሩ ነበሩ። አንድ የቤት ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህ ባለ 60 ዋት አምፖል 58 ያህሉን የሚያበራ ነው። በጣልያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ 43.2 ሜጋ ዋት ነበር፤ ለዘመኑ ትልቅ ኩራት። ያንን ኃይል በሙሉ ለምጣድ ብቻ ብንሰጠው በአንድ ጊዜ የሚያሞቀው 12,300 ያህሉን ነው። ዛሬ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ምጣድ እንዳለ አልጠራጠርም።

የምጣዱን አሠራር ያወቅሁት የእናቴ ምጣድ በሦስተኛው ዓመት ተበላሽቶ ወደ ጠጋኙ ስንወስደው ነው። ሰውየው ገልብጦ ሲፈታው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ዘመናዊ ነው ብለን የተደነቅንበት ዕቃ ሆዱ ያው የአያቴ ሸክላ ነው። ከሥሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ የሚሄድ ቦይ ተፈልፍሎለታል። በቦዩ ውስጥ ጠምዛዛ ሽቦ ተኝቷል፤ ሽቦው ጀሶ ተመርጎበታል፤ ይህ ሁሉ በብረት ቆርቆሮ ተሸፍኗል። ጠጋኙ ጀሶውን በመሮ እየፈነቀለ የተቃጠለውን ቦታ አገኘ፣ ሁለቱን ጫፍ ቀጠለ፣ አዲስ ጀሶ በጥብጦ መረገው። “ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል፤ እርጥበቱ ሳይወጣ ብትሰኪው ይይዝሻል” አላት እናቴን። እስከ ዛሬ የምሠራበት ምክር ነው።

ሸክላውን የሚሠሩት አሁንም ሴቶች ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሙያው ከቀጨኔ ስም ጋር የተያያዘ ነው። አፈሩን ይወቅጡታል፣ ይነፉታል፣ ያቦኩታል፣ በእጃቸው እያለሰለሱ ክቡን ያወጡታል፣ አድርቀው ይተኩሱታል። ክዳኑንና አካሉን ደግሞ ምናለሽ ተራ ያሉ እጆች ከአሮጌ ቆርቆሮ ይቀጠቅጡታል። በእነዚህ ሸክላ ሠሪዎች እጅ የበላ ሕዝብ ነው ለዘመናት “ቡዳ” እያለ ሲሸሻቸው የኖረው። ይህን ሳስብ አፍራለሁ። በየቤታችን ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ ለእኛ ምግብ ተብሎ፣ በእኛው ሰው እጅ የተሠራው ይኸው ምጣድ ነው፤ የሠሪው ስም ግን የትኛውም ላይ ተጽፎ አላየሁም።

ወደ ራሴ ልመለስ። በ1991 ዓ.ም. አግብቼ ቤት ስንከራይ አከራያችን አስቀድመው የተናገሩት ስለ ኪራዩ ዋጋ አልነበረም። “ምጣድ አይቻልም” ነበር ያሉት። ለአራት ተከራይ አንድ ቆጣሪ ነበረ፤ አንድ ሰው ምጣድ ሲሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ግቢው ሁሉ ይጨልማል፣ ወር ሲደርስም በሒሳቡ ጠብ ይነሣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጤን ይዤ እናቴ ቤት እየሄድኩ ጋገርኩ። እንጀራውን በአገልግል ይዤ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ሽታው ሰውን ሁሉ ያስርበዋል።

በኋላ የራሴ ቆጣሪ ሲኖረኝ ችግሩ ሶኬት ሆነ። ይሞቃል፣ ይጠቁራል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። “የዘንድሮ ሶኬት አይረባም” እያልኩ ስንቱን ቀየርኩ! አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው ሒሳቡን ያስረዳኝ። 3,500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል፤ ደኅና የሚባለው የግድግዳ ሶኬት የሚችለውም 16 ነው። ምጣድ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲሠራ ሶኬቱ ያን ሁሉ ጊዜ በአቅሙ ጫፍ ላይ ነው። ትንሽ ከላላ፣ ወይም በማከፋፈያ ላይ ከተሰካ፣ ይቃጠላል። ጥፋቱ ከሶኬቱ ብቻ አልነበረም።

እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል እርሾውን የምንራገም ሴቶችም ብዙ ነን። ማታ ሰው ሁሉ ሲጋግር መስመሩ ይደክማል። 220 የነበረው ወደ 180 ቢወርድ ትንሽ የቀነሰ ይመስላል፤ የምጣዱ ሙቀት ግን አንድ ሦስተኛው ይጠፋል፤ ምክንያቱም ቮልቱ ሲቀንስ በሽቦው የሚያልፈው አምፔርም አብሮ ይቀንሳል። ሊጡ ቀስ ብሎ ይደርቃል እንጂ አይበስልም። ስለዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ መጋገር ልማድ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ግድቦቹ ውኃ አንሷቸው መብራት በፈረቃ ሲሆን ደግሞ የፈረቃውን ሰዓት እያየን አብሲት ጣልን። ሊጥ በራሱ ጊዜ የሚደርስ ነገር ነው፤ ለፈረቃ አይታዘዝም። የኮመጠጠ እንጀራ የበላነው ያን ጊዜ ነው።

መብራት ላልደረሳቸው ወይም ለማይበቃቸው “ምርጥ” እና “ላቀች” የተባሉ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች በ1980ዎቹ መጥተው ብዙ ረድተዋል። ምርጥ የምጣዱን ዙሪያ ዘግቶ እሳቱን ስለሚሰበስብ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ያተርፋል።

ታናሽ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። እዚያ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን የሚጋግሩት ለኛ ባልተሠራ ምጣድ ነው። ከኖርዌይ የሄዱ ስደተኞች ሌፍሳ የሚሉት ከድንች የሚዘጋጅ ስስ ቂጣ አላቸው፤ ለእሱ የሚሆን ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አጠገባቸው ባለው አዮዋ ውስጥ ቤታኒ የተባለ ድርጅት ይሠራል። ሐበሻ አየውና ወሰደው። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ኃይሉም 1,400 ዋት ያህል ነው። በስልክ እንጀራዋን ስታሳየኝ “ምነው አነሰ?” እላት ነበር። የአሜሪካ የቤት መስመር 120 ቮልት ነው፤ ተራው ሶኬት የእናታችንን ምጣድ አይችልም። የሰው ቤት ሽቦ የእንጀራችንን ስፋት ወሰነው ማለት ነው።

የእንጨት እንጀራ ይጣፍጣል የሚሉ አሉ። እኔ ሁለቱንም ጋግሬያለሁ። ምጣዱ በጎመን ዘር በደንብ ከተሟሸ፣ ሊጡ በወጉ ከበሰለ እርሾ ከመጣ፣ ልዩነቱ እኔን አይታየኝም። የሚጣፍጠው የልጅነት ትዝታ ይመስለኛል፤ ለዚያ ትዝታ የከፈሉት ደግሞ አያቴ ናቸው፣ በዓይናቸው።

እናቴ ምጣዱን በሚገባ ታዝዘው ነበር። የመጨረሻዎቹ ሦስት እንጀራዎች ሲቀሩ ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፤ ሦስቱ በዚያው ይበስላሉ፣ ከዚያም ቂጣ ትጥልበታለች፣ በመጨረሻ ሽምብራ ታምስበታለች። ስለ ቮልትና አምፔር ማንም ሳያስተምራት ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በእኔ ስሌት 1.47 ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ጊዜ ያሞቃል። ይህ እንኳን ደስ ያለን የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ኃይሉ ከግድቡ ተነሥቶ የሚደርሰው እዚያው ግድግዳችን ላይ ወዳለችው፣ ለአምፖል ዘመን ወደ ተዘረጋችው ቀጭን ሽቦ ነው።

እባካችሁ፣ ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ ለምጣድ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ መቁረጫ አስደርጉ፤ የመሬት ሽቦውንም አትዝለሉት። ተከራይ የምታስገቡም እንዲሁ። ዛሬ ማታ የምትጋግሩ ደግሞ ስትጨርሱ ነቅላችሁ የሶኬቱን ፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። የሚፋጅ ከሆነ ባለሙያ ሳያየው መልሳችሁ አትሰኩት።