በታኮማ መክረም

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምባቸው ቀናት፣ ታኮማ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው፤ በአገር ቤት አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሆን ማለት ነው። የቀኑ ርዝመት ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ዝናቡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሰማዩን ይዞት ይቆያል፤ በጋው ደግሞ ደረቅ ነው። በዚህ ምክንያት በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፈረንጁን ቀዝቃዛ ወቅት «ክረምት» ብለው ሲጠሩት፣ በረዶ በሚበዛባት ሚኒሶታ ካሉት ወገኖቻቸው ይልቅ ቃሉ ይቀናቸዋል። የአዲስ አበባም የታኮማም ዓመታዊ ዝናብ ከአንድ ሺህ ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም። ክረምቱ ስድስት ወር ተገፍቶ መጣ እንጂ ደመናው፣ ጭቃውና ቤት ውስጥ መሰብሰቡ ያው ነው።

የተለወጠው ከክረምቱ የሚጠበቀው ነገር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱ የሚለወጠው ዝናቡ ሲያባራና አደይ አበባ ሲፈነዳ ነው፤ ሰው ክረምቱን ከርሞ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ዓመት ይቀበላል። በታኮማ ግን አዲሱ ዓመት የሚገባው በጨለማው መካከል ነው። በዚያው ሳምንት ጂሞች የመመዝገቢያ ቅናሽ ያውጃሉ፣ ሰውም ክብደት ለመቀነስ፣ ጎሕ ሳይቀድ ለመሮጥ፣ ዓመቱን በጥድፊያ ለመጀመር ለራሱ ቃል ይገባል። ማረፍ የሚገባው ወቅት የመጀመሪያው የፈተና ወቅት ይሆናል።

የአማርኛው «ከረመ» ይህን ታሪክ በውስጡ ይዟል። ግሱ ከክረምት ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ መነሻው ክረምቱን በአንድ ቦታ ማሳለፍ ነው፤ ከዚያ ሰፍቶ መቆየትን ሁሉ ገለጸ፣ «እንዴት ከረማችሁ» የሚለው ሰላምታም ከዚያ ወጣ። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት በጋውን ከድንኳን ከተማቸው ጋር ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ይኖሩ ነበር። ወንዞች ሲሞሉ ግን መንግሥቱ ራሱ ይቆም ነበር፤ ጦሩ ይበተናል፣ ንጉሡም አንድ ቦታ ይከርማል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ገደማ የቆረቆሩት ጎንደር ቋሚ መናገሻ የሆነው ከዚህ የመክረም ልማድ ተነሥቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) የዐድዋው የክተት አዋጅ የታወጀው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነበር፤ ጠላት ድንበር ከገባ ብዙ ወራት አልፈው ነበር፣ ነገር ግን ከመስከረም በፊት ጦር ማንቀሳቀስ አይታሰብም። ፍርድ ቤቶች ዛሬም በክረምት የሚዘጉት የዚያ ሥርዓት ዘመድ ሆነው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ክረምት የሚያርፈው መንግሥት፣ ነጋዴና ተማሪ ነበር እንጂ ገበሬው አልነበረም፤ ለገበሬው ክረምት የመዝራትና የአረም ጊዜ ነው። የእርሱ እረፍት በሌላ ወር ይመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል፣ አውድማ ላይ ይወቃል፤ ክርስቲያን ከሆነም ይህ ሥራ የሚያልቀው ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 በሚቆየው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ከዚያ ገና ይመጣል፣ ጥምቀት ይከተላል፣ ጥር የሠርግ ወር ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ መጀመሪያ ሥራና ጾም፣ ቀጥሎ ጎተራ፣ ከዚያ ድግስ። የአሜሪካው ወቅት ይህንኑ ገልብጦታል። ከምስጋና ቀን እስከ ዘመን መለወጫ ይበላል፣ በጥር ይጾማል፤ ጾሙንም የሚያዘው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የሚዛኑ ቁጥር ነው። ታኮማ ያለ ኢትዮጵያዊ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱን ይገናኛል፤ የሥራ ባልደረቦቹ ሥጋና ጣፋጭ ባቆሙበት ሰሞን እርሱ ጾሙን ሊፈታ ነው።

የጥር አንዱ አዲስ ዓመት ራሱ የተፈጥሮ ግዴታ አይደለም። የሮማው ዩልዮስ ቄሣር በአዲሱ አቆጣጠሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ተከለው፤ እንግሊዝና የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ግን እስከ 1752 ድረስ ሕጋዊውን ዓመት የሚጀምሩት መጋቢት ላይ፣ ማርች 25 ቀን ነበር። ይህም ማለት ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ በፊት የቦስተን ሰው ሕጋዊ አዲስ ዓመት፣ እንደ ጎንደሩ ሰው ሁሉ፣ ከክፉው ወቅት በኋላ ይመጣ ነበር።

ምጣኔ ሀብት ስለ ጥር ቃል ኪዳን የሚያውቀው ነገር ብዙ የሚያበረታታ አይደለም። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪከ ማልመንዲየር በ2006 ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት፣ በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉ የጂም አባላት በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ይሄዱ እንደነበር አሳዩ፤ በየጉብኝቱ የሚከፍሉት በ10 ዶላር ፈንታ ከ17 ዶላር በላይ ሆነ። ሰዎቹ የገዙት ስፖርት ሳይሆን ስለ ራሳቸው ያላቸውን ተስፋ ነበር። በ2014 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ሰው የሳምንትን፣ የወርን፣ የልደትን መጀመሪያ ተከትሎ ወደ ጂም እንደሚበረታ አረጋገጡ። ይህ ግኝት ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም አለው፤ እነርሱ መስከረም ላይ ሌላ መጀመሪያ አላቸው፣ ያውም የታኮማ ሰማይ ገና ሳይዘጋ። እንቅስቃሴ ለጤና እንደሚበጅ፣ በጨለማ ወራትም የጠዋት ብርሃን ማግኘት እንደሚረዳ አያከራክርም፤ ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ ከወቅት ጋር የሚመጣውን የመንፈስ ጭንቀት በሕክምና ስም ከሰጡት ከ1984 ወዲህ ይህ በደንብ ተጠንቷል። የሚያከራክረው ክረምቱን እንደሌለ ቆጥሮ፣ ድካምን እንደ ጥፋት መቅጣቱ ነው።

ታኮማ የቆመችበት ምድር ደግሞ የራሱ የመክረም ሥርዓት ነበረው። የፑያለፕ ሕዝብና ጎረቤቶቹ በበጋ ተበታትነው ዓሣ ያጠምዱ፣ ሥራ ሥርና ፍራፍሬ ይለቅሙ ነበር፤ በክረምት ግን በወንዝ አፍ በዝግባ ሳንቃ በተሠሩ ረጃጅም ቤቶች ይሰበሰባሉ። በጢስ የደረቀ ሳልሞን ጎተራቸው ነበር። ክረምት የተረት፣ የመንፈሳዊ ጭፈራና የስጦታ ወቅት ነው፤ አንዳንድ ተረት ከክረምት ውጭ አይነገርም። ይህ ሥራ መፍታት ሳይሆን ሕግ፣ ዝምድናና ትምህርት የሚታደሱበት ጊዜ ነበር።

ታኅሣሥ 1854፣ በዚያው በክረምቱ ልብ፣ ገዥው አይዛክ ስቲቨንስ የፑያለፕን፣ የኒስኳሊንና የሌሎችን መሪዎች በሜዲስን ክሪክ ሰብስቦ አብዛኛውን መሬታቸውን የሚያስለቅቅ ውል አስፈረመ። በ1873 የኖርዘርን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ታኮማን የመስመሩ መጨረሻ አድርጎ መረጠ፤ በ1880 1,098 የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1890 36,006 ሆነ። ባቡር ወቅት አያውቅም፤ በ1883 የአሜሪካ ባቡሮች በአንድ ወጥ ሰዓት ተዋቀሩ። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት የነባር ሕዝቦችን ጭፈራና የስጦታ ድግስ በወንጀልነት የሚያስቀጣ ደንብ አወጣ፤ ቅጣቱ ራሽን ከመከልከል እስከ እስራት ይደርስ ነበር። ክሱ በአጭሩ ስንፍናና ብክነት ነው፤ ክረምቱን ሲጨፍሩ የሰነበቱ ሰዎች የእርሻና የደመወዝ ሠራተኛ አይሆኑም ተባለ። የሃይማኖት ነጻነታቸው በሕግ የታወቀው በ1978 ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1974፣ ዳኛ ጆርጅ ቦልት ታኮማ በሚገኘው ፍርድ ቤት የውሉን ቃል ጠቅሰው ነባሮቹ ከሚጠመደው ዓሣ ግማሹ እንዲደርሳቸው ፈረዱ። በዚያ ወር አዲስ አበባ ላይ መምህራንና የታክሲ ሾፌሮች አድማ ላይ ነበሩ፤ አንድ ሌላ የጎተራና የመሬት ክርክር ሊፈነዳ ነበር።

ተመሳሳዩ የስንፍና ክስ በኢትዮጵያም ረጅም ዕድሜ አለው። እረፍት በዚያ አገር ታሪክ ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜን ከእሑድ ጋር አከብራለሁ በማለታቸው ተሰደዱ፤ ያረፉትም በአርመን ምድር ነው። ተከታዮቻቸው ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ተገፍተው፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ወሰኑ። እኚሁ ንጉሥ ሠላሳ ሦስት የማርያም በዓላት እንዲከበሩም አዘዙ። የገበሬው ወር በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለምና በበዓለ ወልድ የተከፋፈለው በእንዲህ ዓይነት ውሳኔዎች ነው። በእነዚያ ቀናት አይታረስም፣ አይፈለጥም፤ ማኅበር ግን ይጠጣል፣ እርቅ ይደረጋል፣ በሬዎችም ያርፋሉ። በ20ኛው መቶ ዘመን ለተማሩት ለውጥ ፈላጊዎች ይህ ሁሉ የጠፋ የሥራ ቀን ሆኖ ታየ።

ለዚህ አስተሳሰብ ሳይንሳዊ ልብስ ያለበሰው የሴንት ሉሲያው ተወላጅ አርተር ሉዊስ ነው። በ1954 ባወጣው ጽሑፍ በድሃ አገር እርሻ ላይ ትርፍ ጉልበት አለ፣ ያን ጉልበት ቢያነሡት ምርቱ ብዙ አይቀንስም አለ። ቴዎዶር ሹልዝ በ1964 ተቃወመው፤ የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ በህንድ ብዙ ገበሬ ሲገድል የታረሰው መሬት መቀነሱን ማስረጃ አደረገ። አማርትያ ሴን ደግሞ በ1967 የሹልዝን ስሌት ነቀፈ። ሉዊስና ሹልዝ በ1979 የኖቤል ሽልማቱን አብረው መካፈላቸው ነገሩ አለመዘጋቱን ያሳያል። ፖሊሲ አውጪዎች ግን ከክርክሩ ይዘው የሄዱት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፤ በጥር ገበሬው ቁጭ ብሏል፣ ስለዚህ ጉልበቱ ነጻ ነው።

ከ2010 በኋላ በአማራ፣ በትግራይና በሌሎችም ክልሎች የተካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ የገጠሩ ሕዝብ ለሳምንታት ያለ ክፍያ እርከን እንዲሠራ ይወጣል። ውጤቱ የሚናቅ አይደለም፤ የተራቆቱ ተራሮች አገግመዋል፣ የደረቁ ምንጮች ተመልሰዋል። ችግሩ ዋጋው ባዶ ተብሎ መመዝገቡ ነው። ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በዚያው ወቅት፣ ብዙ ጊዜ ለዚያው ዓይነት እርከን፣ ስንዴ ወይም ገንዘብ ይከፍላል። አንድ ጉልበት በአንድ መዝገብ ደመወዝ፣ በሌላው «ተሳትፎ» ሆኖ ሲቆጠር፣ ዋጋ የሌለው ጉልበቱ ሳይሆን የባለቤቱ ድምፅ ነው። ጥር ላይ ሠርግ የሚደግስ፣ ጣሪያ የሚጠግን፣ ዘመድ የሚጠይቅ፣ ወይም ዝም ብሎ የሚያርፍ ሰው ምንም እየሠራ አይደለም ብሎ ለመወሰን፣ የሚወስነው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ይህን ሥርዓት ማሞገስ ግን ወሰን አለው። በዓሉ የወንዱ እረፍት ሲሆን ጠላው የሚጠመቀው፣ እንጀራው የሚጋገረው፣ ውኃው የሚቀዳው በሴቶች ነው። ከሞፈር ያረፈ ቤት ከማጀት አላረፈም። ታኮማም ውስጥ ይህ አልተለወጠም፤ የአረጋውያን እንክብካቤ ቤት ሌሊት ስትሠራ ያደረች እናት የገናን ዶሮ የምትሠራው በእንቅልፍ ሰዓቷ ነው።

በደቡብ ሲያትል፣ በሲታክ፣ በኬንትና በታኮማ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሠሩት በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በመጋዘን፣ በታክሲና በእንክብካቤ ሥራ ነው። ለእነርሱ የክረምት እረፍት ከራስ ጋር የሚደረግ ስምምነት ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ለግል ሠራተኛ የሚከፈልበት ዓመታዊ ፈቃድ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የላትም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አፈጻጸሙ የቱንም ያህል ቢጎድል፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ዋሽንግተን ከ2018 ጀምሮ በየ40 የሥራ ሰዓቱ አንድ ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ታስገድዳለች፤ ይህም ብዙ ግዛቶች የሌላቸው መብት ነው። ግን ማረፍ የሚቻለው ታምሞ ነው። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ የግዛቱና የአካባቢ መስተዳድሮች ሠራተኞች ለሃይማኖት ወይም ለኅሊና ሁለት ያለ ክፍያ የሆኑ የበዓል ቀናት በዓመት መውሰድ ይችላሉ፤ ተማሪዎችም ሁለት ቀን ሊቀሩ ይፈቀድላቸዋል። ገናና ጥምቀት በትክክል ሁለት ናቸው። በመጋዘንና በግል ድርጅት የሚሠራው ግን በዚህ ሕግ ውስጥ የለም፤ ፈረቃውን ከባልደረባው ጋር ይለዋወጣል።

በ2026 ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ቀን፣ ሰኞ ዋለ፤ የማርቲን ሉተር ኪንግም መታሰቢያ በዚያው ዕለት ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ግን እንደ ማንኛውም ሰኞ ክፍት ነበር።