የሕግ አውጪዎች የዲጂታል ሥልጠና

የሕግ አውጪዎች የዲጂታል ሥልጠና የምክር ቤት አባላት የመንግሥት አገልግሎት የሚሰጥባቸውን የኮምፒውተርና የኢንተርኔት ሥርዓቶች እንዲያውቁ፣ ስለ እነሱ በብቃት ሕግ እንዲያወጡና አሠራራቸውን እንዲቆጣጠሩ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ብዙ ጊዜ ታብሌት ከመክፈት፣ ሰነድ በኢሜይል ከመላክና ከርቀት ከመሰብሰብ ልምምድ ጋር ይምታታል። ያ ልምምድ አይናቅም፤ የሥልጠናው ፍሬ ነገር ግን ሌላ ነው። ባለጉዳይ ከመስኮቱ ደርሶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ፣ ወኪሉ የሆነው እንደራሴ ያን መልስ ሰምቶ ዝም እንዳይል ማስቻል ነው። የጠፋው መብራት ነው? የኢንተርኔት መስመሩ ነው? ወይስ የጥገና ውሉ አልቆ የሚጠግነው ሰው የለም? ይህን ለይቶ የሚጠይቅ አባል ካለ ኃላፊው ለይቶ ለመመለስ ይገደዳል።

በወረቀት ዘመን ቋሚ ኮሚቴ ለመስክ ምልከታ ሲወጣ መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል ማስገለጥ፣ ማመልከቻው ስንት ቀን እንደተኛ በዓይኑ ማየት ይችል ነበር። ዛሬ መዝገቡ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቷል። ማን ድጎማ እንደሚያገኝ፣ የማን ማመልከቻ ውድቅ እንደሚሆን የሚለየውም ብዙ ጊዜ እዚያው የተጻፈ ደንብ ነው። ደንቡን የጻፉት በምርጫ ያልመጡ ባለሙያዎች ናቸው፤ በምርጫ የመጡት ካላዩት ሌላ የሚያየው የለም።

የብሪታንያ ፖስታ ቤት ጉዳይ

ሕግ አውጪ ስለ ኮምፒውተር የተሳሳተ ግምት ሲይዝ ምን እንደሚከተል ከብሪታንያው የፖስታ ቤት ጉዳይ በላይ የሚያሳይ የለም። የእንግሊዝ ሕግ ቀደም ሲል የኮምፒውተር ማስረጃ ለፍርድ ቤት ሲቀርብ ማሽኑ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማስረዳትን ይጠይቅ ነበር። ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ሕግ ይህን ግዴታ ሻረው። ከዚያ ወዲህ ተቃራኒው እስኪታይ ድረስ ኮምፒውተር ትክክል ነው ተብሎ ይገመት ጀመር። በዚያው ዓመት ፖስታ ቤቱ ፉጂትሱ በተባለው ኩባንያ የቀረበውን «ሆራይዘን» የተሰኘ የሒሳብ ሥርዓት በየቅርንጫፉ መዘርጋት ያዘ።

ሶፍትዌሩ ስሕተት ነበረበት። የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር፤ ጉድለቱም በቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ ላይ ይወድቅ ነበር። ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሒሳብ ተከሰው ተፈረደባቸው። ቤታቸውን የሸጡ፣ የታሰሩ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ነገሩን ወደ ፓርላማ ካመጡት አንዱ በወቅቱ እንደራሴ የነበሩት ጄምስ አርበትኖት ናቸው። ከምርጫ ክልላቸው የመጣውን አቤቱታ ከሌሎች እንደራሴዎች መራጮች አቤቱታ ጋር አስተያዩ፤ ያን ያህል ሐቀኛ ሰው በአንድ ጊዜ ሌባ ሊሆን አይችልም አሉ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሥርዓቱን ጉድለት በ2019 አረጋገጠ፤ ፓርላማውም በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ልዩ ሕግ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ የተሰጡትን ፍርዶች በጅምላ ሰረዘ። የአርበትኖት ጥያቄ የፕሮግራም ጸሐፊ ጥያቄ አልነበረም። ማሽን ሊሳሳት እንደሚችል የተረዳ ሰው ጥያቄ ነበር፤ ለሕግ አውጪ የሚሰጥ ሥልጠና ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

ታሪኩ

ምክር ቤቶች የቴክኖሎጂ ምክር መፈለግ የጀመሩት ከኢንተርኔት መስፋፋት በፊት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1972 የራሱን የቴክኖሎጂ ግምገማ ቢሮ አቋቁሞ በ1995 በጀቱን ዘጋበት። የብሪታንያ ፓርላማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቢሮውን በ1989 ከፈተ፤ እስካሁንም ለአባላቱ አጫጭር ማብራሪያ ያዘጋጃል። እነዚህ ግን ለአባላቱ መረጃ አቅራቢዎች እንጂ አሠልጣኝ ተቋማት አልነበሩም።

ሥልጠናን በስፋት ከሰጡት አገሮች አንዷ ብራዚል ናት። የፌዴራል ሴኔቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ድጋፍ «ኢንተርሌጂስ» የተባለውን ፕሮግራም አቋቋመ። ትኩረቱ በዋና ከተማዋ ያሉት ሴናተሮች ብቻ አልነበሩም። ብራዚል ከ5,500 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች አሏት፤ እያንዳንዱም የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ብዙዎቹ ትንንሽና ባለሙያ የሌላቸው ናቸው። ኢንተርሌጂስ ለእነዚህ የርቀት ትምህርት ሰጠ፣ ረቂቅ ሕግ ከመግባት እስከ መጽደቅ የሚከታተል ነፃ ሶፍትዌር አደለ፣ የድረ ገጽ አብነትም አዘጋጀ። መሣሪያውና ትምህርቱ አብረው መድረሳቸው ትልቅ ብልኃት ነበር፤ ዛሬ የተማሩትን ነገ በሥራ ላይ ካላዋሉት ይረሳልና።

ልምዱ ለትልልቅ ሕጎችም በጅቷል። የብራዚል የተወካዮች ምክር ቤት ዜጎች በረቂቅ ሕጎች ላይ በኢንተርኔት አስተያየት የሚሰጡበትን መድረክ በ2009 ከፈተ። «የኢንተርኔት መሠረታዊ ሕግ» የሚባለውና በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. የተፈረመው አዋጅ በሕዝብ ፊት በኢንተርኔት ውይይት ተደርጎበት የወጣ ነው። ምክር ቤቱ ፕሮግራመሮች፣ ሠራተኞችና እንደራሴዎች አንድ ጠረጴዛ የሚጋሩበትን ቤተ ሙከራ በ2013 በሕንፃው ውስጥ መክፈቱም የዚሁ መንገድ ቀጣይ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ጉዳዮች መምሪያና የዓለም ፓርላማዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 በቱኒስ ለፓርላማዎች የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ማዕከል መሠረቱ። የዓለም የኤሌክትሮኒክ ፓርላማ ሪፖርት ከ2008 ጀምሮ በየጊዜው ይወጣል። ኅብረቱ በ2018 የፓርላማ ፈጠራ ማዕከል አቋቁሞ ምክር ቤቶች እርስ በርስ እንዲማማሩ ሲያደርግ ቆይቷል፤ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በፓርላማ እንዴት ጥቅም ላይ እንደሚውል መመሪያ አውጥቷል።

አፍሪካ በዚህ ታሪክ ተቀባይ ብቻ አይደለችም። «አኮማ ንቶሶ» የሚባለው ሕግንና የምክር ቤት ቃለ ጉባኤን ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል መልክ የመጻፊያ መስፈርት የተወለደው ለአፍሪካ ፓርላማዎች በተቀረጸ የተባበሩት መንግሥታት ፕሮግራም ውስጥ ነው። ስሙ ከጋናው የአካን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «የተያያዙ ልቦች» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል።

የኢስቶኒያ መንገድ

ኢስቶኒያ የምትጠቀሰው በቴክኖሎጂዋ ነው፤ መጠቀስ የሚገባት ግን በሕጎቿም ጭምር ነው። 101 መቀመጫ ያለው ምክር ቤቷ የዲጂታል ፊርማ ሕግንና የሕዝብ መረጃ ሕግን እ.ኤ.አ. በ2000 አጸደቀ። የመሥሪያ ቤቶችን መዛግብት የሚያገናኘው «ኤክስ ሮድ» በ2001፣ ኤሌክትሮኒክ መታወቂያው በ2002 ሥራ ጀመሩ። ሕጉ ከአገልግሎቱ ቀደመ ማለት ነው። በኋላም መሥሪያ ቤቶች አንድን መረጃ ለየብቻ እንዳይሰበስቡ ሕጉ ስለከለከለ ዜጋው አንዴ የሰጠውን ማስረጃ ደግሞ አምጣ አይባልም። በ2002 የተቋቋመው የኤሌክትሮኒክ አስተዳደር አካዳሚዋ የሌሎች አገሮችን ሹማምንትና ሕግ አውጪዎች ያሠለጥናል። መንገዱ ግን እንከን አልባ አልነበረም፤ በ2017 የመታወቂያ ካርዶቹ ላይ የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ የ760,000 ያህል ካርዶች የምስክር ወረቀት ታግዷል፤ መንግሥት ችግሩን ለሕዝብ በግልጽ ነግሮ ነበር።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት ሕግ ያወጣል፣ አስፈጻሚውንም ይጠይቃል። ባለፉት ዓመታት ከቀረቡለት ረቂቆች ጥቂት የማይባሉት ዲጂታል ጉዳዮች ናቸው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይጠቀሳሉ። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጠው «መሶብ» በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ተከፈተ።

«ፋይዳ» የተባለውን ዲጂታል መታወቂያ ብቻ ብንወስድ እንደራሴው ሊያውቀው የሚገባው ብዙ ነው። ተመዝጋቢው የአሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የዓይኑን ብሌንና የፊቱን ምስል ይሰጣል። ሥርዓቱ የተገነባው በሕንድ በተሠራውና «ሞሲፕ» በሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ አባል በኮሚቴ ውይይት ላይ የሚያነሣው ጥያቄ አያጣም። መረጃው የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ያየው ሰው ስም ይመዘገባል? በእርሻና በጉልበት ሥራ አሻራዋ የተፋቀ እናት እንዴት ትስተናገዳለች? ስልክ የሌለው አርሶ አደር ማረጋገጫ ቁጥሩ በማን ስልክ ይደርሰዋል? መታወቂያው ለባንክም ለትምህርትም ግዴታ ሲሆን ያልደረሰው ሰው ምን ይሆናል? አንዱም የምሕንድስና ዲግሪ አይጠይቅም። የመራጩን ኑሮ ማወቅንና ሥርዓቱን በጥቅሉ መረዳትን ግን ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው አባሉ ይዞት የሚመጣው ነው፣ ሁለተኛው በሥልጠና ይገኛል።

ይዘትና አሰጣጥ

ጥሩ ሥልጠና ከአንድ እውነተኛ አገልግሎት ይነሣል፤ ለምሳሌ ከልደት ምዝገባ ወይም ከንግድ ፈቃድ እድሳት። አባላቱ ራሳቸው ባለጉዳይ ሆነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያልፉበታል፣ የት እንደሚቆም ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ሕጉና ወደ በጀቱ ይመለሳሉ። የግዥ ውል ማንበብ የሥልጠናው ከባዱ ክፍል ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ሶፍትዌሩ የማን ንብረት ነው? አቅራቢው ቢሄድ መረጃው ይቀራል? ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የጥገናው ወጪ ስንት ነው? በየአገሩ የከሸፉ ሥርዓቶች ብዙውን ጊዜ የከሸፉት ውሉ ሲፈረም ነው።

በሆቴል አዳራሽ የሚሰጥ የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ብዙ አያስቀርም። አባላት በምርጫ ይቀያየራሉ፤ ዕውቀቱ አብሯቸው እንዳይወጣ የኮሚቴ ባለሙያዎችና የምርምር ክፍሉ አብረው መሠልጠን አለባቸው። አሠልጣኙ ዕቃውን የሚሸጠው ኩባንያ ሲሆን ደግሞ የጥቅም ግጭት አለ፤ ምክር ቤት ከሻጭ የሚማረው መግዛትን ነው።

ቋንቋም ሌላ እንቅፋት ነው። የመማሪያ ጽሑፎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎች ካልተጻፉ ወደ ክልልና ወረዳ ምክር ቤቶች አይደርሱም። «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ በየቀኑ የሚሰማው ባለጉዳይ ያለው እዚያ ነውና፣ ሥልጠናውን የሚያዘጋጁ ሁሉ ከወረዳ ምክር ቤት ይጀምሩ።