ከአጥንት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረግ ክትትል፦ በርቀትና በአካል

ከአጥንት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረግ ክትትል ቁስሉ መዳኑን፣ አጥንቱ መግጠሙን፣ የገባው ብረት ከቦታው አለመነቃነቁንና ታካሚው ወደ ቀድሞ እንቅስቃሴው መመለሱን ለማረጋገጥ በተከታታይ ቀጠሮዎች የሚካሄድ ምርመራ ነው። ለረጅም ጊዜ ታካሚው ራሱ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ የሚታይበት ብቻ ነበር። በስልክ፣ በቪዲዮ ጥሪ ወይም በሚላክ ፎቶግራፍ የሚደረገው የርቀት ክትትል ቀደም ብሎ የተጀመረ ቢሆንም በብዙ አገሮች የተስፋፋው በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ የተመላላሽ ክፍሎችን ባዘጋ ጊዜ ነው።

የቀጠሮው ቅደም ተከተል እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ይለያያል። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ቁስሉ ይታያል፣ ክሩም ይወጣል። 6ኛው ሳምንት ገደማ ራጅ ይነሣል፤ ሐኪሙ ታካሚው በእግሩ ምን ያህል ክብደት ማሳረፍ እንደሚችል የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቀጠሮ ነው። ሰው ሠራሽ የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ የገባለት ሰው በ3ኛው ወርና በዓመቱ እንደገና ይታያል።

በርቀት ምን ማየት ይቻላል? ሐኪሙ ታካሚው ሲራመድ፣ ጉልበቱን ሲያጥፍና ክንዱን ሲያነሣ በቪዲዮ ሊመለከት፣ ስለ ሕመሙና ስለ መድኃኒቱ ሊጠይቅ፣ ሌላ ቦታ የተነሣ ራጅም ተልኮለት ሊያነብ ይችላል። የቁስል ፎቶግራፍም ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ጎልቶ ስለማይታይ ሐኪሙ ስለ እብጠት፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ሽታና ስለ መግል አጥብቆ መጠየቅ አለበት። በእጅ የሚሠራው ግን በስልክ አይሠራም፦ የልብ ምትን በእግር ላይ መዳሰስ፣ የጅማትን ጥንካሬ መፈተሽ፣ ክር ማውጣት፣ ጀሶ መቀየር።

ሁለቱን መንገዶች ካነጻጸሩ ጥናቶች መካከል በሰሜን ኖርዌይ በትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተደረገውና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ይጠቀሳል። 389 የአጥንት ሕክምና ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በሆስፒታሉ፣ ግማሾቹ በቪዲዮ ታዩ፤ በምርመራው ጥራት ላይ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ይህ ውጤት ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በቪዲዮ የታዩት ታካሚዎች ቤታቸው ተቀምጠው ሳይሆን በቅርባቸው ወዳለ የሕክምና ማዕከል ሄደው ነበር። ጥናቱ ያሳየው እንግዲህ ሆስፒታሉን በከፊል ወደ ታካሚው የማቅረብን ጥቅም ነው። የጉልበት መገጣጠሚያ ከተቀየረ በኋላ የሚሰጠውን ፊዚዮቴራፒ በተመለከተ ደግሞ በካናዳ ኩቤክ በ205 ሰዎች ላይ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሥራ በቪዲዮ የተደረገው ልምምድ በአካል ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። እንዲህ ያለ መጠን ያላቸው ጥናቶች እንቅስቃሴን፣ ሕመምንና እርካታን ለመለካት ይበቃሉ፤ አጥንት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽንን የመሰሉ ብዙ ጊዜ የማያጋጥሙ ጉዳቶችን ለማነጻጸር ግን ያንሳሉ።

በኢትዮጵያ የርቀት ሕክምና ከተሞከረባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ በ2007 እ.ኤ.አ. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን በሕንድ ሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር ያገናኘው የመስመር ዝርጋታ ነው። ይህ በዋናነት ሐኪምን ከሐኪም ለማማከር ነበር። ለአጥንት ታካሚ ክትትል ይበልጥ የሚቀርበው በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው ሳይን የተባለ ድርጅት አሠራር ነው። ድርጅቱ ለተሰበረ የጭንና የቅልጥም አጥንት የሚያገለግል፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል የራጅ ካሜራ ባይኖርም ሊገባ የሚችል ዘንግ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ያቀርባል፤ ሐኪሞቹም ራጁንና የክትትሉን መረጃ በኢንተርኔት ይልካሉ። ከመረጃዎቹ አንዱ ታካሚው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው። ቁጢጥ ማለት የቻለና ፊቱ ላይ ሕመም የማይነበብበት ሰው አጥንቱ ወደ መዳን እንደተቃረበ ይገመታል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ገጠር ላለ ሰው ቁጢጥ ማለት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፣ ፎቶውንም ዘመድ በስልክ ሊያነሣው ይችላል። ራጅን ግን ሙሉ በሙሉ አይተካም።

ለኢትዮጵያዊ ታካሚ የቀጠሮ ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ መንገዱ ነው፦ የአውቶቡስ ክፍያ፣ የአስታማሚ ወጪ፣ ማደሪያ፣ በክራንች መንገላታት። በዚህ ምክንያት ቀጠሮውን የሚተው አለ። በአንጻሩ በስልክ የሚደረግ ክትትል የኔትዎርክ መቆራረጥና ካሜራ ያለው ስልክ ማጣት ይፈትነዋል፤ በቴሌግራም የተላከ ፎቶም በታካሚው ካርድ ካልተመዘገበ ለቀጣዩ ሐኪም አይደርስም። በርቀት የሚከታተል ሐኪም ታካሚው ወደ ወጌሻ ሄዶ መታሸቱን ወይም መታሰሩን ያለ ነቀፌታ መጠየቅ ይኖርበታል፤ የተነቀፈ ታካሚ እውነቱን ይደብቃል፣ ጠብቆ የታሰረ እግር ደግሞ ደም አጥቶ ሊቆረጥ ይችላል።

የስልክ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ። የባት ማበጥና ሕመም የደም መርጋትን፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት የረጋው ደም ወደ ሳንባ መሄዱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። በጀሶ ውስጥ በማስታገሻ የማይበርድ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የጣቶች መደንዘዝ ወይም መጥቆር፣ እንዲሁም ከትኩሳት ጋር የሚወጣ መግል ሌሎቹ ናቸው። እነዚህ የታዩበት ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ክር ማውጣቱን በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ፣ ራጁን የወረዳው ወይም የዞኑ ሆስፒታል ሊሠራው በሚችልበት ቦታ ግን፣ ደህና እያገገመ ያለን ሰው ለአጭር ምርመራ ረጅም መንገድ ማስኬድ ተገቢ አይደለም።