ሪቴይነር (የጥርስ ማቆያ)፦ ምንነቱና አጠባበቁ

የጥርስ ማቆያ፣ በሐኪሞች አጠራር ሪቴይነር፣ በብሬስ (በጥርስ ማስተካከያ) የተስተካከሉ ጥርሶች ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳይመለሱ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ብሬሱ ሲወልቅ በጥርሱ ዙሪያ ያለው አጥንትና ድዱን ከጥርሱ ጋር የሚያያይዙት ጅማቶች ገና አልረጉም፤ አንዳንዶቹ ጅማቶች አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል።

አንደኛው ዓይነት አሜሪካዊው ቻርልስ ሃውሊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋወቀው፣ ላንቃ ላይ የሚገጥም ፕላስቲክና ከፊት የሚታይ ሽቦ ያለው ነው። ሌላው በጥርሶቹ ቅርፅ የተሠራ ስስ ገላጭ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ሦስተኛው ከጥርስ ጀርባ ተለጥፎ የሚቀር ቀጭን ሽቦ ነው።

የሚወልቀው ማቆያ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች፣ አፍ ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያና ፈንገስ የሚራቡበት ስስ ሽፋን ይይዛል። ሽፋኑ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይለቃል፤ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም ካጠነከረው ግን ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጣበቃል፣ ይሸታልም። ስለዚህ ከማጽጃው ዓይነት ይልቅ የሚጸዳበት ሰዓት ይበልጣል። ማቆያው ከአፍ እንደወጣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ይለቀለቃል፤ ከዚያም ለእሱ ብቻ በተለየ ለስላሳ ብሩሽና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይታሻል። የጥርስ ሳሙና ፕላስቲኩን ይጭረዋል፤ ጭረቱም ለባክቴሪያ መሸሸጊያ ይሆናል። የወይራና የክትክታ መፋቂያም ለጥርስ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ቅርፊት የያዘውን ማቆያ ከእኩል ውኃ ጋር በተቀላቀለ ነጭ አቼቶ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ ቅርፊቱን ያላላዋል። በረኪና ሽቦውን ስለሚበላ አይነካም።

የፈላ ውኃ ከሁሉ የከፋ ነው። ለምሳሌ በምዕራብ ጎጃሟ ፍኖተ ሰላም ከተማ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ብዙው ስስ ፕላስቲክ ግን 80 ላይ ሳይደርስ ወይም እዚያው አካባቢ ይለሰልሳል። ለፍኖተ ሰላም ወይም በአቅራቢያዋ ላለችው ለቡሬ ነዋሪ የተጣመመ ማቆያ ማለት አፍ እንደገና ለማስለካት የትልቅ ከተማ መንገድ ማለት ሊሆን ይችላል። የምንጭ ውኃ ቀድቶ የሚጠቀም የገጠር ቤተሰብ ውኃውን አፍልቶ፣ ፈጽሞ አብርዶ ይጠቀማል።

በምግብ ሰዓት ማቆያው ይወልቃል። በዚያው አካባቢ ያሉት የቡሬና የጃቢ ጠህናን ወረዳዎች በበርበሬ ቢታወቁም፣ ገላጩን ፕላስቲክ ይበልጥ የሚያስቸግረው የአልጫው እርድ ነው፤ ቢጫው በእጥበት አይለቅም። በሠርግ ወይም በማኅበር ላይ በሶፍት ተጠቅልሎ መሶብ አጠገብ የተቀመጠ ማቆያ ገበታው ሲነሣ አብሮ ይጠረጋል፤ ቦታው አየር የሚያስገባ ክዳን ያለው ሣጥን ነው።

ተለጥፎ የሚቀረው ሽቦ ግን የሚጸዳው አፍ ውስጥ ነው። ከብሩሽ ሌላ የጥርስ ክር ከሽቦው በታች አሳልፎ በእያንዳንዱ ጥርስ ጎን ወደ ላይና ወደ ታች መሳብ ያስፈልጋል።